እኩል የማያረጁ ሁለት ባልንጀሮች
የመኪና መንገድ መሪ መሣሪያ ታሪክና ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ትምህርት

ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በዳሽቦርዱ ላይ ተገጥሞ በሚመጣው፣ በተለምዶ «ናቪጌሽን» እየተባለ በሚጠራው መንገድ መሪ መሣሪያ ያልተማረረ ባለመኪና ቢፈለግ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም። አንዱ በአዲስ አስፋልት ላይ እየነዳ ሳለ ስክሪኑ መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይ የምትዋኝ ነጥብ ያሳየዋል። ሌላው የሚሄድበትን ሰፈር ስም ፊደል በፊደል ሲጽፍ መሣሪያው በመካከሉ ቁልፎቹን ይዘጋበታል፤ በመዝገቡ ያለው አጻጻፍ ከእርሱ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ይለያልና። ሦስተኛው «ወደ ግራ ይታጠፉ» በተባለበት ቦታ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ያገኛል። አራተኛው ባትሪ ባስቀየረ ማግስት ስክሪኑ የካርታውን ካርድ አምጣ ይለዋል፤ ካርዱ ግን መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ቀርቷል።

ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ የሆነ ተቃርኖ አለው። ይህ መሣሪያ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች መልእክት ይቀበላል፤ ጊዜውንም የሚያገኘው ከአቶሚክ ሰዓቶች ነው። ሆኖም በአደባባዩ ጥግ የተቀመጠው ሊስትሮ፣ ያለ ሳተላይትና ያለ አቶሚክ ሰዓት፣ መንገድ በመምራት ይበልጠዋል። ስለምን? «ቴክኒኩ ገና ስላልበሰለ ነው» የሚለው መልስ ታሪኩን ላላየ ሰው በቂ ይመስላል። ታሪኩን ለመረመረ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። መኪናው በምድር ላይ ያለበትን ነጥብ የማወቁ ችግር ከ2000 ወዲህ በአብዛኛው ተፈትቷል። ያልተፈታው ችግር ቶሎ የሚያረጅን ነገር ቀስ ብሎ ከሚያረጅ ነገር ጋር አንድ አካል አድርጎ መሥራት ያስከተለው ነው። ካርታና መኪና እኩል አያረጁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በታሪኩ አማካይነት ማሳየትና ለሀገራችን የሚሰጠውን ትምህርት መጠቆም ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

ከሳተላይት በፊት

ለሹፌር መንገድ የሚነግር መሣሪያ የመሥራት ሐሳብ ከመኪናው ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ አለው። በ1909 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው «የጆንስ ሕያው ካርታ» የተባለው መሣሪያ ከመኪናው ጎማ ጋር በገመድ የተያያዘ ነበር። ጎማው በተሽከረከረ መጠን በመሣሪያው ውስጥ ያለ ክብ ወረቀት ቀስ እያለ ይዞራል፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የታተመው ማሳሰቢያም ከመርፌው ፊት ሲደርስ ሹፌሩ የት እንደሚታጠፍ ያነብባል። በ1930ዎቹ በኢጣሊያ የተሠራው «ኢተር አውቶ» ደግሞ ክብ ወረቀቱን በጥቅል ካርታ ተካው እንጂ አሠራሩ ያው ነበር።

የእነዚህ መሣሪያዎች ጉድለት ግልጽ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የተሄደውን ርቀት ብቻ ነው፤ አቅጣጫን አያውቅም። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቅዳት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከመንገዱ ወጣ ቢል ወረቀቱ መዞሩን አያቆምም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም የሚናገረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነበር። ድልድይ ቢፈርስ ወይም መንገድ ቢቀየር ወረቀቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ድረስ የምንማረርበት ጉድለት ገና በመጀመሪያው መሣሪያ ላይ ተወልዶ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1966 ጄኔራል ሞተርስ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። በመንገዱ ሥር ማግኔቶች ይቀበራሉ፤ መኪናው በላያቸው ሲያልፍ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት በተበሳ ካርድ መድረሻውን ለመሣሪያው ይሰጣል። ሐሳቡ ካርታው መኪናው ውስጥ ከሚሸከም ይልቅ መንገዱ ራሱ እንዲናገር የሚያደርግ ነበር። ዳሩ ግን ለአንድ ፋብሪካ ደንበኞች ሲባል የአገር መንገድ ሁሉ ተቆፍሮ ማግኔት ሊቀበርበት አልቻለምና ከሙከራ አላለፈም። ያም ሆኖ ስለ መንገዱ የሚነገረው ነገር ከመንገዱ ባለቤት መምጣት አለበት የሚለው የሐሳቡ ፍሬ ነገር ትክክል እንደነበር በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በ1981 ሆንዳ ከአልፓይንና ከስታንሌይ ኩባንያዎች ጋር የሠራው መሣሪያ በአኮርድ መኪና ላይ ቀረበ። ሳተላይት አልነበረውም። የመኪናውን መዞር የሚለካው በሂልየም ጋዝ ፍሰት በሚሠራ ጋይሮስኮፕ፣ ርቀቱን ደግሞ በጎማው ሽክርክሪት ነበር። በትንሽ የቴሌቪዥን ስክሪን ፊት ለፊት በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ካርታ ይገባል፤ ከበስተኋላው የምትበራው ነጥብ መኪናዋ ናት። ሹፌሩ ከካርታው ወሰን ሲያልፍ ፕላስቲኩን አውጥቶ ሌላ ያስገባል። በዚህ መሣሪያ ካርታውና ማሽኑ የተለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ልብ ይሏል። ካርታው ቢያረጅ ፕላስቲኩ ይጣላል እንጂ ማሽኑ አይጣልም።

የኢታክ ትምህርት

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው መሣሪያ አባት ሊባል የሚገባው በ1985 በካሊፎርኒያ ለሽያጭ የበቃው ኢታክ ነው። መሪ መሐንዲሱ ስታን ሃኒ በባሕር ላይ መርከበኝነትም የታወቀ ሰው ነበር። የመሣሪያው ስም የተወሰደው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴተኞች የባሕር ጥበብ ነው። በዚያ ጥበብ መሠረት ታንኳይቱ በአንድ ቦታ እንደቆመች፣ ደሴቶቹ ግን በአጠገቧ እንደሚያልፉ ተደርጎ ይታሰባል። በኢታክ ስክሪን ላይም መኪናው መካከል ላይ ቆሞ ካርታው ከሥሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ በየስልኩ የምናየው አቀራረብ ከዚህ የመጣ ነው።

ኢታክም ሳተላይት አልነበረውም። አቅጣጫን በኮምፓስ፣ ርቀትን በጎማ ላይ በተተከሉ መቁጠሪያዎች ይለካ ነበር። እንዲህ ያለው አለካክ ስሕተቱ እየተደመረ የሚሄድ መሆኑን መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል፤ ከመቶ ሁለት ያህል እንኳ ቢሳሳት ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ መሣሪያው መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር አርቆ ያስቀምጠዋል። ኢታክ ይህን ያሸነፈው በካርታው ነው። መኪና ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ስለሆነም የመኪናው አካሄድ በካርታው ላይ ካሉት መንገዶች ቅርጽ ጋር ይነጻጸራል፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ያ መታጠፊያ በካርታው ላይ ተፈልጎ የተጠራቀመው ስሕተት ይሰረዛል። ይህ ዘዴ ካርታ ማዛመድ ይባላል፤ ዛሬም በሁሉም መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል።

ካርታ ማዛመድ ትልቅ ግኝት ቢሆንም ካርታውን ከሥዕልነት ወደ መለኪያነት እንደለወጠው ማስተዋል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የካርታው ስሕተት የመሣሪያው ስሕተት ሆነ። በካርታው ላይ የሌለ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና በአቅራቢያው ወዳለው አሮጌ መንገድ ይጎተታል። በአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ዋናው መንገድና የጎኑ መንገድ ተቀራርበው በሚሄዱበት ስፍራ መሣሪያው በየትኛው ላይ እንዳለ ሲደናገርበት የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኢታክ ካርታዎች በካሴት ክር ላይ ይቀረጹ ነበር። ክሩ የሚይዘው ጥቂት ስለነበር ለአንድ ትልቅ ከተማ ብዙ ካሴት ያስፈልግ ነበር። ከድርጅቱ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። መሣሪያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ፤ ካርታው ግን ኖረ። ድርጅቱን በ1989 ኒውስ ኮርፖሬሽን፣ በ1996 ሶኒ፣ በ2000 ቴሌ አትላስ ገዙት፤ ቴሌ አትላስን ደግሞ በ2008 ቶምቶም ገዛው። በእያንዳንዱ ግዢ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ዋና ሀብት የካርታው መዝገብና እርሱን የማደስ ችሎታ ነበር። ገበያው ሁለቱ ባልንጀሮች እኩል እንደማያረጁ ከመኪና ፋብሪካዎች ቀድሞ ተረድቶት ነበር ለማለት ይቻላል።

ሳተላይቱ ሲመጣ

የጂፒኤስ የመጀመሪያው ሳተላይት በፌብሩዋሪ 1978 ተመጠቀ። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ሳተላይቱ መልእክቱን የላከበትን ጊዜ ይናገራል፤ ተቀባዩ ከደረሰበት ጊዜ ጋር አነጻጽሮ ርቀቱን ያሰላል። ሦስት ርቀቶች ቦታን ይወስናሉ፤ የተቀባዩ ሰዓት ርካሽ ስለሆነና ስሕተቱም መታረም ስላለበት አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ጥንቃቄው ሁሉ ስለ ጊዜ ነው። የሳተላይቶቹ ሰዓት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ይህም አንስታይን ባስተማረው ሕግ መሠረት የሚሆን ነው። ይህ ልዩነት ባይታረም ኖሮ የርቀቱ ስሕተት በአንድ ቀን ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር።

ሥርዓቱ ለጦር ሠራዊት የታሰበ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል የገባ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ። በ1987 ቶዮታ በክራውን መኪና ላይ ካርታውን በሲዲ ያደረገ መሣሪያ አቀረበ፤ በ1990 ደግሞ ማዝዳ በዩኖስ ኮስሞ ላይ በፋብሪካ የተገጠመ የጂፒኤስ መንገድ መሪ ይዞ ወጣ። በ1994 ቢኤምደብልዩ በአውሮፓ፣ በ1995 ኦልድስሞቢል በአሜሪካ ተከተሉ። ሥርዓቱ በሙሉ አቅሙ መሥራቱ የታወጀውም በ1995 ነው።

ይሁን እንጂ እስከ 2000 ድረስ ለሲቪሎች የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ ይበረዝ ነበር፤ ስሕተቱም እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። 100 ሜትር በከተማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት መንገድ ማዶ ማለት ነው። በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ይህ መበረዝ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ቆመ፤ ስሕተቱም በአንድ ሌሊት ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ።

ያች ሌሊት በዚህ ታሪክ ውስጥ መለያ ድንበር ናት። እስከዚያ ድረስ መሣሪያው ሲሳሳት ሳተላይቱ ወይም ጋይሮስኮፑ ይወቀስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው መኪናው ያለበትን ነጥብ ከካርታው የበለጠ ያውቅ ጀመር። ነጥቡ እውነት ሆኖ በነጥቡ ዙሪያ የተሣለው ዓለም ሐሰት የሚሆንበት ዘመን ያን ጊዜ ተከፈተ።

የሀገራችን ቀያሾች የዚህን ዓይነት ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያዘጋጃቸው የ1፡50,000 ካርታዎች በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ በሚገኘው በአዲንዳን መነሻ ነጥብና በክላርክ 1880 የምድር ቅርጽ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ጂፒኤስ ግን በሌላ መነሻ ይሠራል። ሁለቱን ሳያስማማ ነጥብ የሚያነሣ ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይሳሳታል። መሣሪያውም ካርታውም በየራሳቸው ትክክል ሆነው ውጤቱ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ካርታ የሌለው ነጥብ፣ ነጥብ የሌለው ካርታም፣ ብቻቸውን መንገድ አይመሩም።

የዕድሜዎች አለመመጣጠን

እንግዲህ በአንድ መኪና ውስጥ ምን ያህል የተለያዩ ዕድሜዎች ተጣብቀው እንደሚኖሩ እንቁጠር። ብረቱና ሞተሩ 15 ወይም 20 ዓመት፣ በእኛ አገር ደግሞ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላሉ። ኤሌክትሮኒኩ ከንድፍ እስከ ፋብሪካ ዓመታት ስለሚፈጅበት መኪናው ገና አዲስ ሳለ እርሱ አርጅቶ ይወለዳል። ካርታው በሚታተምበት ቀን ማርጀት ይጀምራል። ከውጭ መረጃ የሚያመጣለት የስልክ መረብም የራሱ ዕድሜ አለው። አንደኛው ሲሞት ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል።

ይህ የሐሳብ ስሌት ብቻ አይደለም። በ2008 በአሜሪካ የአናሎግ ሞባይል መረብ ሲዘጋ በእርሱ ብቻ ይሠሩ የነበሩ የመኪና ውስጥ አገልግሎቶች አብረው ጠፉ። በ2022 የሦስተኛው ትውልድ መረብ ሲዘጋም የትራፊክ ሁኔታ የሚነገራቸው ብዙ መኪናዎች ያን አገልግሎት አጡ። መኪናዎቹ ግን ምንም ሳይሆኑ በመንገድ ላይ ነበሩ።

ጊዜ ቆጣሪውም ቢሆን ወሰን አለው። የጂፒኤስ መልእክት ሳምንታትን የሚቆጥረው በ10 ቢት ስለሆነ ከ1,024 ሳምንት በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከጃንዋሪ 1980 የተጀመረው ቆጠራ በኦገስት 1999 አንድ ጊዜ፣ በኤፕሪል 2019 ሁለተኛ ጊዜ ዞሯል። ይህን ያላሰበ ሶፍትዌር ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጃንዋሪ 2022 በብዙ ቀደም ያሉ የሆንዳና የአኩራ መኪናዎች ላይ የመንገድ መሪው ሰዓት ወደ 2002 ተመልሶ ለወራት ሳይስተካከል መቆየቱ በሰፊው የተነገረ ነው። የሃያ ዓመት ርቀት ለኤሌክትሮኒክ ነዳፊ እጅግ ሩቅ ይመስላል፤ ለመኪና ግን የተለመደ ዕድሜ ነው።

የካርታውን ዕድሜ ለማራዘም ፋብሪካዎች የመረጡት መንገድ ደግሞ ቅሬታውን አባባሰው። አዲስ ካርታ በዲስክ ወይም በካርድ፣ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ጀመር። ሁሉም በየራሱ ቅርጽ የተዘጋ ስለነበር የአንዱ ዲስክ በሌላው አይሠራም። ብዙ ባለመኪናዎች መኪናቸው ሲገዛ የመጣውን ካርታ ሳያድሱት ዓመታትን ማሳለፋቸው ሊያስደንቀን አይገባም። በዚህ መካከል በኦክቶበር 2009 ጎግል በስልክ ላይ በነጻ የሚሠራ መንገድ መሪ አቀረበ፤ በዚያው ቀን የጋርሚንና የቶምቶም የአክሲዮን ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ወደቀ። በ2014 አፕል፣ በ2015 ጎግል የስልኩን ሥዕል ወደ መኪናው ስክሪን የሚያመጣ ዘዴ አወጡ። ይህ በእውነቱ ወደ 1981ዱ ፕላስቲክ መመለስ ነው፤ ቶሎ የሚያረጀው ከማያረጀው ተለይቶ በየጊዜው የሚቀየር ሆነ። የሆነ ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። በ2023 ጄኔራል ሞተርስ በአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ላይ ይህን ዘዴ ትቶ የራሱን መሣሪያ ብቻ እንደሚገጥም አስታውቋል።

ለፍትሕ ያህል አብሮ የተገጠመው መሣሪያ ብልጫ እንዳለው መናገር ይገባል። ከጎማውና ከጋይሮስኮፑ ጋር የተገናኘ ስለሆነ በዋሻ ውስጥም ሆነ በረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ሳተላይት ሲሰወር ስልክ ይደናገራል፤ እርሱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ጥፋቱ መሣሪያውን ከመኪናው ጋር በማያያዝ ላይ አይደለም። መለኪያው ለመኪናው የቀረበ ነው፤ ዕድሜውም ከመኪናው ዕድሜ ጋር ይሄዳል። ጥፋቱ ካርታውን በመለኪያው ውስጥ መቆለፍ ላይ ነው።

ያረጀ ካርታ ከመሰላቸት የከፋ ነገር ሊያስከትል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በ2009 በጋ በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ በረሃ ውስጥ በተንቀሳቃሽ መንገድ መሪ ተመርታ የሄደች አንዲት እናት መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ለቀናት ቆየች፤ አብሯት የነበረው ሕፃን ልጇም ሞተ። በዚያ በረሃ በካርታ መዝገብ ላይ እንደ መንገድ ተጽፈው የቀሩ፣ ነገር ግን ለዓመታት ማንም ያልሄደባቸው ጥርጊያዎች ነበሩ። የፓርኩ ሠራተኞች ከዚያ ወዲህ እነዚህ ጥርጊያዎች ከካርታ አዘጋጆች መዝገብ እንዲሰረዙ መድከም ነበረባቸው። የሞተ መንገድን ከካርታ ማውጣት አዲስ መንገድን ከማስገባት የማያንስ ሥራ ነው።

ጃፓኖች ያስተዋሉት

የመኪና መንገድ መሪ ቀድሞ በጃፓን የተስፋፋበትን ምክንያት ማሰብ ለእኛ ይጠቅማል። በጃፓን አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም። አድራሻ የሚሰጠው በሰፈር፣ በክፍልና በቁጥር ነው፤ በቆዩ ሰፈሮችም የቤቶቹ ቁጥር በቅደም ተከተል ላይገኝ ይችላል። በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ብቻ የሚፈልግ መሣሪያ ለዚያ አገር የማይረባ ስለሆነ መሐንዲሶቻቸው ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሹፌሩ የሚሄድበትን ሱቅ ወይም ሆቴል የስልክ ቁጥር ያስገባል፤ መሣሪያው ቦታውን ያገኛል። ዴንሶ የተባለው ኩባንያም ማንኛውንም ቦታ በጥቂት አኃዝ የሚገልጽ ማፕኮድ የሚባል ዘዴ አወጣ። ነዋሪው አነጋገሩን ለመሣሪያው እንዲለውጥ አላስገደዱትም፤ መሣሪያውን ለነዋሪው አነጋገር አበጁት።

የእኛም ከተሞች በዚህ ከጃፓን ይመሳሰላሉ። አዲስ አበቤ አድራሻ ሲናገር «ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትወርድ»፣ «ሜክሲኮ አደባባይን አልፈህ»፣ «ሃያ ሁለት ማዞሪያ ጋ» ይላል እንጂ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይናገርም። ስሞቹም ታሪክ ተሸክመው የሚሄዱ ናቸው። ለገሃር ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም፣ ካዛንቺስ ደግሞ በኢጣሊያ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የመጡ ናቸው። ቤቱ ቢፈርስ ስሙ አይፈርስም። ይህን አነጋገር በመዝገቡ ያልያዘ መሣሪያ የሳተላይቱ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ሰውየውን ሊረዳው አይችልም። በላቲን ፊደል ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ደግሞ ችግሩን ያጠነክረዋል፤ ቂርቆስን አንዱ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋልና።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ከተማችን በፍጥነት የምትለወጥ ከተማ ናት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በብዙ ዋና መንገዶች መካከል ሐዲድ ዘርግቶ የቀድሞ መታጠፊያዎችን ዘጋ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሌሎችም ሰፈሮች የመንገዱን መልክ ለወጠ። ከዚህ በፊት በዲስክ የታተመ ካርታ ይህን ከቶ ሊያውቅ አይችልም።

መኪኖቻችንም ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣው መኪና የዚያን አገር ካርታ፣ ከአውሮፓ የመጣው የአውሮፓን ካርታ ይዞ ይመጣል። ከጃፓን በሁለተኛ እጅ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከሚላኩት መካከል ባትሪ ሲነቀል የካርታ ካርድ የሚጠይቁ፣ ካርዱ ካልተገኘም ሬዲዮውን ጭምር የሚቆልፉ አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት ይታያሉ። የብዙዎቹ ስክሪን በቻይንኛ ነው፤ መንገድ መሪያቸውም የቻይናን ካርታ ያውቃል። በቻይና ሕግ መሠረት በዚያ አገር የሚሠራባቸው ካርታዎች ነጥቦቻቸው በመቶ ሜትሮች የተንሸራተቱ መሆናቸውም ይታወቃል። ብረቱ የመጣበት አገር ካርታውንም ይወስናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በማየት «ስልክ እያለ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስልክ ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ስልኩም የሚሠራው ካርታው በውስጡ እስካለ ድረስ ነው። ያንን ካርታ ማን ይሠራል? መቼ ያድሰዋል? በየትኛውስ ቋንቋና በየትኛው ስም? እነዚህን ጥያቄዎች ለውጭ ኩባንያ ፈቃድ ትቶ መቀመጥ የአንቡላንስ ሹፌር በሌሊት የሚሄድበትን መንገድ ለሌላ ሰው ፈቃድ መተው ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛው ስለ ግዢ ነው። የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ተሽከርካሪ ሲገዛ ቶሎ የሚያረጀው ክፍል ከሌላው ተለይቶ ሊቀየር መቻሉ፣ ስክሪኑም ከስልክና ከሌላ ካርታ ጋር መሥራቱ በውሉ ውስጥ ቢጻፍ ከብዙ ወጪ ያድናል። ይህ ለመኪና ብቻ የሚያገለግል ምክር አይደለም። የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያም ሆነ የሆስፒታል መመርመሪያ መሣሪያ በውስጡ የተቆለፈ የአምስት ዓመት ኤሌክትሮኒክ ቢኖረው የሃያ ዓመቱ ብረት ከእርሱ ጋር ይጣላል።

ሁለተኛው ስለ ስሞች ነው። ነዋሪው የሚናገራቸው የሰፈር፣ የአደባባይና የማዞሪያ ስሞች በአማርኛና በሌሎችም የሀገራችን ቋንቋዎች፣ በላቲን ፊደልም የሚጻፉባቸው የተለያዩ መልኮች ተጨምረው፣ ለማንኛውም ካርታ ሠሪ ክፍት በሆነ መዝገብ ቢሰበሰቡ ጥቅሙ ትልቅ ነው። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውና ማንኛውም ሰው ሊያድሰው የሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ካርታ እንዲህ ያለ ሥራ በበጎ ፈቃደኞች ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል።

ሦስተኛውና ዋናው ሙያችንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1966 መንገዱ ራሱ እንዲናገር ሲፈልግ ማግኔት መቅበር አስፈልጎት ነበር፤ ዛሬ ግን ማግኔት አያስፈልግም። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ሥራው ሲፈጸም የተሠራውን የሚያሳይ ንድፍ ያዘጋጃል። በዚያ ንድፍ ላይ እያንዳንዱ ኩርባ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ እያንዳንዱ የተዘጋ መገናኛ በሴንቲሜትር ተለክቶ ይገኛል። ሳተላይት ያላየውን፣ የውጭ ካርታ ሠሪ ከወራት በኋላ የሚደርስበትን ነገር መሐንዲሱ መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ያውቀዋል። ንድፉ ግን ርክክቡ እንዳለቀ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መንገድ በተከፈተበት ወይም በተዘጋበት ቀን ያ መረጃ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ እንዲገባ የርክክቡ አንድ አንቀጽ ቢደረግ ተጨማሪው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው።

የመንገድ መሪ መሣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ የተጓዘው ታሪክ የሚያስተምረን ይህንን ነው። መኪናው የት እንዳለ ለማወቅ ሳተላይት፣ ጋይሮስኮፕና አቶሚክ ሰዓት አስፈልጓል፤ ያም ሥራ በሌሎች እጅ በአስደናቂ ሁኔታ ተከናውኗል። መኪናው ያለበት ቦታ ዛሬ ምን እንደሚመስል መናገር ግን መንገዱን በሠራው እጅ ላይ ነው። ማኅበራችን የርክክብ ውሎችን በሚመለከት ለሚመለከታቸው ክፍሎች ሐሳብ በሚያቀርብበት ጊዜ ይህን አንቀጽ እንዲያካትት፣ አባላቱም በየሥራ ቦታቸው እንዲወያዩበት በአክብሮት እናሳስባለን።